ከጅረት ድንጋይ ሥር የሚገኙ ነፍሳትን መለየት፦ ስሙ እስከ ምን ደረጃ ይታመናል?

ፈጥኖ ከሚወርድ ጅረት ውስጥ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ የገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ድንጋይ አያገኝም። ወደ ጥላው ለመሸሽ የሚራወጡ፣ እንደ ቅርፊት ተለጥፈው የሚቀሩ፣ ከአሸዋ በሠሩት ጠባብ ቤት ውስጥ ራሳቸውን የሚሸሽጉ ትንንሽ ፍጥረታት ይታዩታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ክንፍ አውጥተው ከውኃው የሚወጡበትን ቀን የሚጠብቁ የነፍሳት እጮች ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ስማቸውን የሚጠይቀው ስልኩን ነው፤ ፎቶ ያነሣል፣ መተግበሪያው እስከ ዝርያ ድረስ የወረደ ስም ይሰጠዋል፣ ስሙም ወደ መዝገብ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እጮቹን በዝርያ ደረጃ ለመለየት የሚያስፈልገው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በሆዳቸው በኩል፣ በአፋቸው ክፍሎች ላይ ወይም በእግራቸው ጫፍ ላይ ስለሚገኝ ከላይ በተነሣ ፎቶ አይታይም፤ እጩ ገና ትንሽ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ አልወጣም።

ስለዚህ ለወንዝ ጥናት የሚጠቅመው ማስረጃው በሚፈቅደው ደረጃ ላይ የቆመ ስም ነው፤ አንዳንዱን እስከ አስተኔው (ከዝርያ በላይ እስካለው የዘመዳሞች ቡድን)፣ ሌላውን እስከ ክፍለ መደቡ (ብዙ አስተኔዎችን እስከሚይዘው ሰፊ ቡድን) ብቻ ጠርቶ መተው ማለት ነው። ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደሚታየው፣ የውኃ ውስጥ ነፍሳት እየበዙ ነው ወይስ እየጠፉ የሚለው ዓለም አቀፍ ክርክር የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሰዎች ወንዝን ለመመርመር ድንጋይ የሚገለብጡበት ምክንያት ግልጽ መሆን አለበት። የኬሚካል ምርመራ የሚናገረው ናሙናው ስለተቀዳበት ሰዓት ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ናሙና ሲቀዳ ወደ ታች አልፎ ሊሆን ይችላል። ከድንጋዩ ሥር የሚኖረው እጭ ግን ሌሊቱን እዚያው አድሯል። ሜይፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት ብዙዎቹ ወራትን፣ ስቶንፍላይ ከሚባሉት ትልልቆቹ ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመትን በእጭነት ውኃ ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ በሕይወት መገኘታቸው በዚያ ጊዜ ሁሉ ውኃው ሊያኖራቸው የቻለ እንደነበረ ይመሰክራል። ጀርመናውያኑ ሪቻርድ ኮልክቪትዝና ማክሲሚልያን ማርሶን እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 በፍሳሽ የተበከለ ወንዝ ወደ ታች እየወረደ ሲጠራ በየደረጃው የሚገኙትን ዕፅዋትና እንስሳት ዘርዝረው ካሳተሙ ወዲህ፣ ይህ አስተሳሰብ በብዙ አገሮች የውኃ ቁጥጥር ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው የውኃ ማዕቀፍ መመሪያ የወንዝ ጤንነት ከሚመዘንባቸው መስፈርቶች አንዱ እነዚህ አከርካሪ አልባ እንስሳት እንዲሆኑ ደንግጓል።

ከእግር ወደ ጭራ፣ ከጭራ ወደ ጥፍር

የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው እግር በመቁጠር ነው። መገጣጠሚያ ያላቸው ሦስት ጥንድ እግሮች ካሉት ነፍሳት ነው። አራት ጥንድ ካሉት የውኃ ማይት (የመዥገር ዘመድ)፣ ከዚያ በላይ ካሉት ደግሞ ከሸርጣን ወገን የሆነ ፍጥረት ነው። ምንም እግር የሌለው እንደሆነ አልቅት፣ ጠፍጣፋ ትል ወይም ሌላ ትል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዝንብና የትንኝ እጮችም መገጣጠሚያ ያለው እግር ስለሌላቸው በዚህ ደረጃ ትልና ነፍሳትን ማምታታት ቀላል ነው።

ባለ ስድስት እግሮቹ ውስጥ በፈጣን ውኃ በብዛት የሚገኙት ሦስት ክፍለ መደቦች ናቸው፦ ኤፌሜሮፕቴራ ወይም ሜይፍላይ፣ ፕሌኮፕቴራ ወይም ስቶንፍላይ፣ ትሪኮፕቴራ ወይም ካዲስፍላይ። ለጀማሪ የሚነገረው ደንብ አጭር ነው፤ ሦስት ጭራ ያለው ሜይፍላይ፣ ሁለት ጭራ ያለው ስቶንፍላይ ነው ይባላል። ደንቡ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሲሳሳት ግን ተጠቃሚውን ሳያስጠነቅቀው ነው የሚሳሳተው። ኤፔዎረስ የተባለው ወገን ሜይፍላይ ሆኖ ሳለ ሁለት ጭራ ብቻ ነው ያለው። ጭራ ከድንጋይ ሲፋቅ ወይም በመረብ ውስጥ ሲንገላታ በቀላሉ ይቆረጣል። በሌላ በኩል ከውኃ ተርብ ዘመዶች መካከል ቀጭኖቹ፣ ማለትም ዳምሰልፍላይ የሚባሉት፣ በሆዳቸው ጫፍ ላይ እንደ ቅጠል የሰፉ ሦስት ስንጥቦች (በውኃ ውስጥ የሚተነፍሱባቸው ክፍሎች) ስላሏቸው ጭራ ብቻ የሚቆጥር ሰው ሜይፍላይ ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ጥርጣሬውን የሚቆርጡት ስንጥብና ጥፍር ናቸው። የሜይፍላይ እጭ በሆዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚርገበገቡ ስንጥቦች አሉት፤ የእያንዳንዱ እግር ጫፍም በአንድ ጥፍር ያልቃል። የስቶንፍላይ እግር ግን ሁለት ጥፍር አለው፤ ስንጥቦቹ የሚታዩ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደረቱ ሥር፣ በእግሮቹ መነሻ አካባቢ እንደ ጠጉር ተሰብስበው ይገኛሉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር ለዚህ ይበቃል። እንቅስቃሴውም ይረዳል፤ እጩ ጥቂት ውኃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ሲደረግ ሜይፍላዩ አካሉን ወደ ላይና ወደ ታች እያርገበገበ ሲዋኝ፣ ስቶንፍላዩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ስቶንፍላይ በሳህኑ ላይ ብዙ ቆይቶ ኦክስጅን ሲያንሰው በእግሮቹ ላይ ሰውነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይጀምራል፤ ይህን የሚያደርገው በስንጥቦቹ አጠገብ ውኃ እንዲንቀሳቀስ ነው፤ ይህ ሲታይ ወደ ወንዙ መመለሻው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

በሜይፍላዮች ውስጥ የአካል ቅርጽ ራሱ አስተኔውን ይጠቁማል። ሄፕታጄኒዴ የተባለው አስተኔ አባላት ጭንቅላታቸውም ሆነ አካላቸው የተደፈጠጠ፣ ዓይኖቻቸው ወደ ላይ የዞሩ ናቸው፤ ድንጋዩ ሲነሣ ወደ ጎን በፍጥነት ይንሸራተታሉ። ቤቲዴ የሚባሉት ግን እንደ ዓሣ የለሰለሰ ቅርጽ አላቸው፤ ሲነኩ በዝላይ መልክ ይዋኛሉ። ኬኒዴዎች ትንንሾች ሲሆኑ በሆዳቸው ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ጥንድ ክዳን ይታያል፤ ክዳኑ ቀሪዎቹን ስንጥቦች ከደለል ይሸፍናል። ይህን ልዩነት እዚህ ላይ መዘርዘር ያስፈለገው በኋላ ትልቅ ዋጋ ስላለው ነው።

ካዲስፍላይ ከሁለቱ ይለያል። ጭራ የለውም፤ በሆዱ ጫፍ ላይ መንጠቆ ያላቸው ሁለት አጫጭር እግር መሰል ክፍሎች አሉት፤ አንቴናውም በዓይን የማይታይ ያህል አጭር ነው። የቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ሐር ያወጣል፤ በሐሩም አሸዋ፣ ጠጠር፣ ቅጠል ወይም ስንጥር እያያያዘ ቤት ይሠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጀርመን ጅረቶች በእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ጥቃቅን ፕላስቲክ ተገኝቷል። ሁሉም ግን ቤት አይሠራም። ሃይድሮሳይኪዴ በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግቶ ውኃው የሚያመጣለትን ይበላል፤ ሲያዝ አካሉ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል፤ በደረቱ ጀርባ ላይ ሦስት ጠንካራ ሳህን መሰል ክፍሎች፣ በሆዱ ሥርም ቅርንጫፍ ያላቸው ስንጥቦች አሉት። ራያኮፊላ የሚባለው ወገን ደግሞ ያለ ቤትና ያለ መረብ እየዞረ ሌሎችን ያድናል፤ ጠጠር የሚሰበስበው ወደ ፑፓነት፣ ማለትም በእጭና በጉልምስ መካከል ወዳለው ደረጃ፣ ሲለወጥ ብቻ ነው።

ቤቱን ብቻ አይቶ ነዋሪውን መሰየም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው የቀንድ አውጣ ተመራማሪ አይዛክ ሊ ከአሸዋ የተሠራ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነገር አግኝቶ አዲስ የቀንድ አውጣ ዝርያ ነው ሲል ሰየመው። በኋላ እንደታወቀው ነገሩ ሄሊኮሳይኪ የተባለ ካዲስፍላይ የሠራው ቤት ነበር። ሰውየው በሙያው የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ስሙን ያወጣው ለእንስሳው ሳይሆን እንስሳው ለሠራው ዕቃ ነው። የዛሬው የምስል መለያ መተግበሪያም በተመሳሳይ መንገድ ሊሳሳት ይችላል።

እግር የሌላቸውን የዝንብና የትንኝ እጮች በተመለከተ ሦስቱን ማወቅ ለመነሻ ይበቃል። የጥቁር ዝንብ እጭ የታችኛው ጫፉ ወፈር ያለ ሆኖ በሐር ንጣፍ ላይ በመንጠቆዎቹ ተይዞ ይቆማል፤ በራሱ ላይ ባሉት ጥንድ ማራገቢያዎችም ምግቡን ከውኃው ያጣራል። የዚህ አስተኔ መለየት ከወንዝ ጥራት በላይ የጤና ጉዳይ ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን ዓይነ ስውርነት የሚያስከትል በሽታ ያስተላልፋሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2002 በምዕራብ አፍሪካ በተካሄደው የቁጥጥር መርሐ ግብር ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተረጨው እጮቹ ባሉባቸው ፈጣን ወንዞች ላይ ነበር። ብሌፋሪሴሪዴ የሚባሉት በሆዳቸው በኩል በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት መምጠጫዎች አሏቸው፤ እነዚህን አንዴ ያየ አይረሳቸውም። ሦስተኛዎቹ ኪሮኖሚዴ ናቸው፤ ቀጫጭን፣ ከራሳቸው ሥር አንድ ጥንድ ከኋላቸውም አንድ ጥንድ ሥጋማ እግር መሰል ክፍል ያላቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በደማቸው ሄሞግሎቢን ስላለ ቀይ ናቸው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥም ይኖራሉ። ቀይ እጭ ታየ ማለት ግን ወንዙ ተበክሏል ማለት አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ የኪሮኖሚዴ ዝርያዎች አሉ፤ እጅግ ንጹሕና ቀዝቃዛ በሆነ ምንጭ ውስጥ ብቻ የሚኖሩም አሉባቸው።

ስለ ጢንዚዛዎች ባጭሩ፦ የሴፈኒዴ እጭ ከላይ ሲታይ ክብ ሳንቲም ይመስላል፤ እግሮቹ የሚታዩት ሲገለበጥ ብቻ ነው። የኤልሚዴ እጭና ጉልምስ ደግሞ በአንድ ድንጋይ ሥር አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

አንድ ክፍለ መደብ፣ ሁለት ተቃራኒ ምስክርነት

ሦስቱ ታዋቂ ክፍለ መደቦች በብዛት ከተገኙ ውኃው ንጹሕ ነው የሚለው አባባል በስፋት ይነገራል፤ በጥቅሉም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ላይ የዋለው የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት ለእያንዳንዱ አስተኔ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሲሰጥ (ከፍተኛው ነጥብ ብክለትን ለማይችለው ነው)፣ ሄፕታጄኒዴ 10 ሲያገኝ ቤቲዴ ያገኘው 4 ነው። ሁለቱም ሜይፍላዮች ናቸው። ኬኒዴ 7፣ ሃይድሮሳይኪዴ 5፣ ኪሮኖሚዴ 2 አግኝተዋል። ስለዚህ «ሜይፍላይ ተገኝቷል» የሚል መዝገብ ጥሩውን ወንዝም፣ መጠነኛ ብክለት ያለበትንም ሊገልጽ ይችላል። አሜሪካዊው ዊልያም ሂልሰንሆፍ በ1977 ያቀረበውን የወንዝ ብክለት መለኪያ በ1988 በአስተኔ ደረጃ እንዲሠራ አድርጎ ማውጣቱም የሚያሳየው፣ ዝርያ ድረስ መውረድ በማይቻልበት መስክ አስተኔ ጥሩ መካከለኛ ማቆሚያ መሆኑን ነው። የኪሮኖሚዴ ምሳሌ ግን የዚህንም ወሰን ያሳያል፤ ለአንድ ሰፊ አስተኔ አንድ ነጥብ ሲሰጥ የንጹሕ ምንጩ ነዋሪና የጭቃው ነዋሪ እኩል ይሆናሉ።

አንድ እጭ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገሩት አብረው የተገኙትና የቀሩት ናቸው። በኦርጋኒክ ፍሳሽ የተበከለ ውኃ ስቶንፍላዮችን ቀድሞ ያስወጣል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አሲድነት የጨመረበት ጅረት ግን ሌላ መልክ አለው፤ አንዳንድ ስቶንፍላዮች አሲዱን ችለው ሲቀሩ አብዛኞቹ ሜይፍላዮች ይጠፋሉ። ከማዕድን ማውጫ የሚወርድ መዳብና ዚንክ በተለይ ሄፕታጄኒዴዎችን ይጎዳል። ደለል የበዛበት ወንዝ ደግሞ በድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍን፣ ኬሚካሉ ምንም ባይለወጥ እንኳ ጠፍጣፋዎቹ መሸሸጊያ ያጣሉ፤ ስንጥባቸው በክዳን የተሸፈነው ኬኒዴዎች ይቋቋሙታል። ይህን ሁሉ ማንበብ የሚቻለው ግን መዝገቡ አስተኔዎቹን ለይቶ ከያዘ ብቻ ነው።

ቁጥር ያለ ስም

እ.ኤ.አ. በ2020 ሮል ቫን ክሊንክና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት 166 የረጅም ጊዜ ክትትሎችን አጣምሮ፣ የየብስ ነፍሳት በአሥር ዓመት በአማካይ 9 በመቶ ያህል ሲቀንሱ የንጹሕ ውኃ ነፍሳት 11 በመቶ ያህል መጨመራቸውን ዘገበ። ዜናው ወንዞች ድነዋል የሚል ስሜት ፈጠረ። ትችቱም ወዲያው ተከተለ፤ ከተቺዎቹ ነጥቦች አንዱ በብዛት መጨመር ሁልጊዜ መሻሻል አለመሆኑ ነበር። ይህ ከላይ ከተባለው በቀጥታ የሚከተል ነው። ማዳበሪያ ታጥቦ የገባበት ወንዝ አልጌው ሲበዛ የኪሮኖሚዴና የቤቲዴ ቁጥር ሊያሻቅብ ይችላል፤ ሄፕታጄኒዴዎቹ ሁሉም ጠፍተው እንኳ ጠቅላላ ድምሩ ከቀድሞው ይበልጣል። በእኔ ግምት፣ ስም ያልተለየበት ድምር ከምንም የማይሻልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ባዶ መዝገብ ቢያንስ ማንንም አያሳስትም።

በ2023 በኔቸር መጽሔት የወጣው የፒተር ሃዘና የባልደረቦቹ ጥናት የበለጠ ሚዛናዊ ሥዕል ይሰጣል። ከ22 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ፣ ከ1968 እስከ 2020 ያለውን ጊዜ የሚሸፍኑ 1,816 ተከታታይ መረጃዎች እንዳሳዩት፣ በወንዞቹ ያሉ አከርካሪ አልባ እንስሳት በብዛትም በዓይነትም ተሻሽለዋል፤ መሻሻሉ ግን በአብዛኛው የመጣው ከ2010 በፊት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቆሟል። የፍሳሽ ማጣሪያዎች መስፋፋት የሰጠው ጥቅም ከሞላ ጎደል ተሟጦ፣ ሙቀት፣ ግድብ፣ ፀረ ተባይና ደለል የመሳሰሉት ጫናዎች ቀርተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ሊገኝ የቻለው ለአሥርት ዓመታት ሰዎች በየወንዙ ወርደው፣ ያገኙትን በአጉሊ መነጽር ሥር ለይተው ስለመዘገቡ ነው። ይህን የሚችሉ ባለሙያዎች ግን በብዙ ቦታ እየተመናመኑ ነው።

የዘረ መል ምርመራ ክፍተቱን ይሞላል የሚለው ተስፋ በከፊል ትክክል ነው። ፖል ኸበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ዘዴ ሲኦአይ ከተባለው ዘረ መል የተወሰደ 658 ያህል ፊደላት (የዘረ መሉ መሠረታዊ ክፍሎች) ያሉት ቁራጭ እንስሳትን ለመለየት እንደሚያገለግል አሳይቷል። በዚህ መንገድ በአውሮፓ በጣም የተለመደው ቤቲስ ሮዳኒ የተባለው ሜይፍላይ በመልክ የማይለዩ የተለያዩ የዘር ሐረጎችን አንድ ላይ የያዘ ስም መሆኑ ታውቋል። በዓይን ብቻ እርግጠኛ ሆኖ ዝርያውን የጻፈ ሰው፣ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። ነገር ግን ዘረ መሉ ስም የሚሰጠው አስቀድሞ በባለሙያ ከተለየ ናሙና ጋር ሲመሳከር ነው፤ በማመሳከሪያው ውስጥ የሌለ ዝርያ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ከውኃው በሚቀዳ ናሙና ውስጥ የሚገኘው ዘረ መል ደግሞ ከላይ ርቆ ታጥቦ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ እጩ በዚህ ድንጋይ ሥር መኖሩን አያረጋግጥም። ስንት እንደነበሩም አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይናገርም።

ይህ ሁሉ መስክ ላይ ሲወርድ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ከወንዙ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ውኃው ከሚፈጥንበትም ከሚረጋበትም፣ ቅጠል ከተጠራቀመበትም መውሰድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቦታው ልዩነት የብክለት ልዩነት መስሎ ይታያል። መረቡ ከድንጋዩ በታች፣ አፉ ወደ ላይኛው ውኃ ዞሮ ይቀመጣል፤ በብዙ የጥናት መመሪያዎች የመረቡ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የተገለበጠው ድንጋይ እንደነበረው መመለስ አለበት፤ መረብና ጫማም ወደ ሌላ ወንዝ ከመሄዳቸው በፊት ታጥበው በደንብ መድረቅ ይኖርባቸዋል፤ መጤ ዝርያና በሽታ በእነሱ ይጓዛልና።

ፎቶ የሚነሣ ከሆነ ከጀርባ፣ ከጎንና ከሆድ በኩል፣ ጭራው እስከ ጫፉ እንዲታይ፣ ከአጠገቡም መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ ተቀምጦ ይነሣ። በመዝገቡም ላይ «ቤቲዴ፣ ከአስተኔው በታች አልተለየም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። ስሙ በምን ምልክት እንደተሰጠ አብሮ ሲጻፍ፣ ለምሳሌ «አንድ ጥፍር፣ ሁለት ጭራ፣ ስንጥብ በሆድ ጎን» ተብሎ፣ ሌላ ሰው ስህተቱን ሊያርመው ይችላል። ጥናቱ መደበኛ ሲሆንና ፈቃድ ሲኖር፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ናሙና ቦታውና ቀኑ በእርሳስ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በ80 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዘረ መል ምርመራ ከተፈለገ 95 በመቶው ይመረጣል። የእጩ ቀለም በአልኮሉ ውስጥ ይደበዝዛል፤ ጥፍሩና ስንጥቡ ግን ይቆያሉ።